የውሃ ፈረቃና የአድማጮች ስልክ፦ ከደሴ ከተማ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በ2015 ዓ.ም. የበጋ ወራት ደሴ ላይ በሚደመጥ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ በአድማጮች የስልክ ውይይት ላይ የተነሣን የውሃ ቅሬታ ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ የፈረቃው አሠራር እስከ ተስተካከለበት ጊዜ ድረስ ይከታተላል። የጣቢያውንም ሆነ የተሳታፊዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የግል ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ስሙ ያለ ማስረጃ በአየር ላይ በመነሣቱ የተጎዳ ነው። የጥናቱ ጥያቄ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ያልተጣራ ነገር መነገሩ የማይቀር ከሆነ ጣቢያው የማጣራት ግዴታውን መቼና በምን መንገድ ይወጣል የሚል ነው። ከዚህ ጉዳይ የተረዳሁት፣ ግዴታው በዋናነት የሚፈተነው በአንዱ ሳምንት ጥሪና በሚቀጥለው ሳምንት ስርጭት መካከል፣ ማይክሮፎኑ በተዘጋባቸው ቀናት እንደ ሆነ ነው።

ከተማውና ስቱዲዮው

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሜዳው ጠባብ በመሆኑ ሰፈሮቿ ዓመት በዓመት ወደ ዳገቱ እየወጡ አድገዋል፤ ይህም ለሚኖርባት ሰው ውብ፣ ውሃ ለሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ግን አስቸጋሪ አድርጓታል። ውሃን በቧንቧ 10 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት በግምት የአንድ ባር ግፊት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከአንድ ማጠራቀሚያ የሚቀዱ ሁለት ሰፈሮች፣ አንዱ ከሌላው ስልሳ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ፣ ቫልቩ እኩል ቢከፈትላቸውም እኩል ውሃ አያገኙም። የታችኞቹ ባልዲያቸውን ሞልተው፣ ሮቶአቸውን ሞልተው፣ ሲጠግቡ ነው ግፊቱ ሽቅብ የሚመለሰው። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ በቆየችበት ጊዜ የሕዝብ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውም ሕዝብ በከተማዋ ተጠልሎ ስለ ነበር የውሃ ፍላጎቱ ቀድሞ ከታሰበው በላይ ሆኖ ነበር። ፈረቃ የሚለው ቃል በየቤቱ የሚነገር የዕለት ቋንቋ ሆነ።

የስልክ ውይይቱ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት የሚተላለፍ ነው። አሠራሩን በቅርብ ላላየ ሰው ጥቂት ልግለጽ። ስልኩን የሚያነሣው ኦፕሬተር የደዋዩን ስም፣ ሰፈርና ጉዳይ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ለአዘጋጁ ያቀብላል፤ አዘጋጁ ወረቀቱን አይቶ ተራ ይሰጣል፤ ደዋዩ መስመር ላይ ሲገባ የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» የሚል ነው፣ አለዚያ የራሱ ድምፅ በስልኩ ተመልሶ ይጮኽበታል። ከዚያ ሰላምታ ይከተላል። ወሎ ላይ ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ስለ ሆነ፣ የአዘጋጁ፣ የቤተሰቡ፣ የጣቢያው፣ የከብቱና የዝናቡ ደኅንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ከአንድ ደዋይ ድርሻ ሩቡ ይሄዳል። ድምፁን ጥቂት ሰኮንዶች አዘግይቶ የሚያስተላልፍ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ ቃል ሲመጣ ለመቁረጥ ፋታ የሚሰጥ መሣሪያ በጣቢያው አልነበረም፤ የተነገረው ነገር በተነገረበት ቅጽበት ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል።

ሁለቱ ጥሪዎች

ጉዳዩን የከፈቱት ከላይኛው ሰፈር የደወሉ አንዲት እናት ናቸው። ሰላምታቸውን ካደረሱ በኋላ ያሉት፣ በድምፅ ቅጂው ላይ እንደ ተመዘገበው፣ ይህ ነው፦ «ልጄ፣ ውሃ ካየን ሁለት ሳምንት አልፎናል። ሂሳቡ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ሌሊት ቧንቧው ፊሽ ይላል፣ ቆጣሪው ይዞራል፣ ባልዲው ግን ባዶ ነው። እኔ የምከፍለው ለነፋስ ነው?»

ይህ ጥሪ ለአንድ የሕዝብ ጉዳይ ፕሮግራም ሊገኝ ከሚችለው ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሴትዮዋ ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ተናገሩ፤ ጊዜውን ጠቀሱ፤ ማንንም አልከሰሱም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊጣራ የሚችል አንድ ጭብጥ አስጨበጡ፣ ቆጣሪው በአየር ይዞራል የሚል። ባዶ የቆየ ቧንቧ ውሃ ሲለቀቅበት ውስጡ የነበረው አየር ከፊት ከፊት እየተገፋ ስለሚወጣ፣ የተለመደው ተሽከርካሪ ቆጣሪ አየሩንም እንደ ውሃ ሊቆጥረው ይችላል። በዚያች ደቂቃ ስቱዲዮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አዘጋጁም ጥሪውን በአዘኔታ «አብሽሩ እናታችን» ብሎ አሳልፎት ወደ ቀጣዩ መስመር ሄደ።

ቀጣዩ ደዋይ ጎልማሳ ወንድ ነበር። ውሃው የሚጠፋው ስለሚሸጥ እንደ ሆነ፣ የሚሸጠውም በዚያ ሰፈር ቫልቭ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሠራተኛ እንደ ሆነ ተናግሮ ስሙን ከነአባቱ ጠራ። አዘጋጁ ወዲያው «አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?» ብሎ ጠየቀው፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ደዋዩም «ከተማው ሁሉ የሚያወራውን ነው የምነግርህ» አለ። አዘጋጁ መስመሩን ዘጋ፣ ሙዚቃ ገባ።

ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ከመጠራቱ በፊት ለመቁረጥ መሣሪያ አልነበረም፣ ያ የአዘጋጁ ጥፋት ተብሎ አይቆጠርም። ሙዚቃውን ከማስገባቱ በፊት ግን «የተጠቀሰው ክስ ማስረጃ ያልቀረበበት ነው፣ ስሙ የተነሣው ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ከአሥር ሰኮንድ የበለጠ አይፈጅም ነበር። ዝምታው እንደ ማረጋገጫ ተወሰደ። የዚያኑ ሰዓት ሁለት ተጨማሪ ደዋዮች «ቅድም እንደ ተባለው» እያሉ የሠራተኛውን ነገር አነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየሻይ ቤቱ ወሬው «በሬዲዮ ተነግሯል» የሚል ምንጭ አግኝቶ ነበር። ከተማው የሚያወራው ነገር ወደ ሬዲዮ ገብቶ፣ ሬዲዮ የተናገረው ነገር ሆኖ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን እንኳ አላስፈለገውም።

የቫልቭ ሠራተኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ፣ ክሱ ለምን በእሱ ላይ እንዳረፈ ለመረዳት ይጠቅማል። ረጅም የብረት መክፈቻ በትከሻው ይዞ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ በመንገዱ ዳር ያለውን የጉድጓድ ክዳን አንሥቶ ይከፍታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሶ ይዘጋል። የማጠራቀሚያውን ሁኔታ የሚያውቁትን መሐንዲሶች፣ ፈረቃውን ያወጡትን ኃላፊዎችና የኤሌክትሪክ መቆራረጡን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች የሰፈሩ ነዋሪ አያያቸውም። የሚያየው ውሃውን በእጁ የሚዘጋውን ሰው ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ

ሠራተኛው ወደ ፍርድ ቤት አልሄደም። በሕጉ በኩል መንገድ ነበረው፦ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል ተጠያቂነት አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ቢያዛውረውም፣ ካሣ የመጠየቅ በሩን አልዘጋውም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሮድካስት የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃን ጠንከር ባለ ቅጣት ስለሚመለከተው የጣቢያው አስተዳደር በዚያ ሳምንት ሥጋት ላይ ነበር። ሰውየው ግን፣ ሚስቱ ቦኖ ወረፋ ላይ በተሰደበች በማግስቱ፣ ሽማግሌ ላከ።

የመጡት አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስና ሁለት የሰፈሩ አዛውንቶች ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ የሽማግሌ ጉባኤ እንዲህ ተቀላቅሎ መቀመጡ ለማንም አዲስ አይደለም። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ከሳሹ ደዋይ ነበር። ሰውየው በዓይኑ ያየው ነገር እንደሌለ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሠራተኛውም ይቅር አለ። ከዚያ ወደ ጣቢያው መጡ። የጠየቁት ገንዘብ አይደለም፤ «በተነገረበት አፍ ይስተባበል» ነው ያሉት።

በጣቢያው ውስጥ የተነሣው ክርክር የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። አስተዳደሩ «ጉዳዩ በእርቅ አልቋል» የሚል አጭር ማስታወቂያ ተነቦ እንዲዘጋ ፈለገ፤ ሽማግሌዎቹን ያከብራል፣ ጣቢያውንም ከተጠያቂነት ያወጣል በሚል። የፕሮግራሙ አርታኢ ግን ተቃወመች። እርቅ የሁለት ሰዎችን ቅሬታ ያበርዳል እንጂ አድማጩ ስለ እውነቱ ማወቅ የሚገባውን አይነግረውም፤ «በእርቅ አለቀ» የሚለውን የሰማ ሰው ሁሉ ሠራተኛው ሰርቆ ሽማግሌ አስለመነ ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ስለዚህ ጣቢያው ክሱን የሚደግፍ ማስረጃ እንዳልቀረበለት፣ ስሙ ያለ ማጣራት በመተላለፉም ይቅርታ እንደሚጠይቅ በግልጽ መናገር አለበት አለች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው፣ በተለይም ቄሱ፣ የእሷን ቃል ነበር የደገፉት።

ማስተባበያው በእሷ ቃል ተነበበ። የተነበበውም ክሱ በተነገረበት ሰዓት፣ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ነበር። ይህን ያደረጉበት ምክንያት የፕሮግራሙ አድማጭ በየሳምንቱ አንድ ሰው ስላልሆነ ነው፤ ክሱን የሰማው የሚኒባስ ሾፌር ማስተባበያው በሚነበብበት ሰዓት የሬዲዮው ሞገድ በሚቆራረጥበት ተራራ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፣ ከተራራ ጀርባ አይደርስም። ሙሉ በሙሉ ስሙ ታደሰለት ማለት አልችልም፤ ሆኖም በዚህ ዓይነት ጉዳይ አንድ ጣቢያ ሲያደርግ ካየሁት ሁሉ ይህ የተሻለው ነው።

ቅሬታው ወደ ጭብጥ ሲለወጥ

ማስተባበያው የሰውየውን ጉዳይ ዘጋ እንጂ የውሃውን ጥያቄ አልመለሰም። በመጀመሪያው ሳምንት ከውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የመጡት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሲሆኑ፣ ንግግራቸውም እነዚህ ፕሮግራሞች በሚገባ የሚያውቁት ዓይነት ነበር፦ ችግሩ በጥናት ተለይቷል፣ ርብርብ እየተደረገ ነው፣ ኅብረተሰቡም በትዕግሥት ከጎናችን ይቁም። አዘጋጁ ሦስት ጊዜ «የላይኛው ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ሦስት ጊዜም ሌላ ነገር መለሱ። አዘጋጁ ከዚህ በኋላ እንግዳውን አልሞገታቸውም፤ «እንግዲህ ቀኑንና ሰዓቱን ለማግኘት በሚቀጥለው ሳምንት የሥርጭት ክፍሉን ኃላፊ እንጋብዛለን» ብሎ በአየር ላይ ቀጠሮ ያዘ። የተናገረው ቀጠሮ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱ ሊቀር አልቻለም።

የሥርጭት ክፍሉ ኃላፊ በእጅ የተሣለ የመስመር ንድፍ ይዘው መጡ። ሰሌዳውን አነበቡ፤ የላይኛው ሰፈር ተራ ሌሊት እንደ ሆነ፣ ቫልቩም በሰዓቱ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ከመዝገብ አስረዱ። ደዋዮች አላመኗቸውም፣ ውሃ የለማ። ጉዳዩ በ«ከፍተናል» እና በ«አልመጣም» መካከል ተንጠልጥሎ ሳለ ነው አንድ ጡረታ የወጡ የፓምፕ ኦፕሬተር የደወሉት።

እኝህ ሰው ኃላፊውን «ጌታው፣ ሰሌዳችሁ በሰዓት ነው ወይስ በማጠራቀሚያው ልክ?» ብለው ጠየቁ። በሰዓት ነው ተባሉ። «እንግዲያው ሁለታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት» አሉና አስረዱ። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስበው ፓምፕ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት አመሻሹ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ከጠፋ ማጠራቀሚያው ሳይሞላ የላይኛው ሰፈር ሰዓት ይደርሳል፤ ቫልቩ ይከፈታል፣ ያለችው ትንሽ ውሃ ባዶውን ቧንቧ ስትሞላ፣ አየሩን ስትገፋ ታድራለች፤ ውሃው ገና ደጃፍ ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቅና ቫልቩ ይዘጋል፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረውም ቁልቁል ተመልሶ ለታችኛው ሰፈር ይሆናል። ሌሊት ቧንቧው ፊሽ የሚለው፣ ቆጣሪውም በባዶ የሚዞረው ለዚህ ነው። ሠራተኛው ቫልቩን በታማኝነት በሰዓቱ በከፈተና በዘጋ ቁጥር የላይኛው ሰፈር በታማኝነት ውሃ ያጣል።

የእናትየው ጥሪና የእኚህ ሰው ማብራሪያ ሲገጣጠሙ፣ ከሳምንታት በፊት ሌብነት የተባለው ነገር የሰሌዳ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው በአየር ላይ ወዲያው አልተስማሙም፤ ሆኖም አልካዱም፣ ይህም ያስመሰግናቸዋል። ከዚያ በኋላ በተደረገ ማስተካከያ የላይኛው ሰፈር ተራ የሚጀምረው ማጠራቀሚያው ከተወሰነ ልክ ሲደርስ ሆነ፤ በመብራት ምክንያት ካልደረሰ ተራው ወደ ማግስቱ ይተላለፋል እንጂ አይቃጠልም። በመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ አየር ማስወጫ ቫልቭ ተገጠመ። የቀድሞው ሂሳብ ግን ለሁሉም አልታረመም፤ ማመልከቻ ይዘው ቅሬታ ሰሚ ድረስ የሄዱት ብቻ ናቸው የታየላቸው።

ደብተሩ፣ ደዋዮቹና ያልደወሉት

ይህን ሁሉ ያስቻለው መሣሪያ አንድ ባለመስመር ደብተር ነበር። ከዚያ በፊት የኦፕሬተሩ ቁራጭ ወረቀቶች ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይጣሉ ነበር። አርታኢዋ ከማስተባበያው ክርክር በኋላ እያንዳንዱ ጥሪ በቀኑ፣ በሰፈሩ፣ በጉዳዩ፣ ለማን እንደ ተላለፈ፣ ምን መልስ እንደ ተገኘና መልሱ መሬት ላይ መታየቱ መቼ እንደ ተረጋገጠ እንዲጻፍ አደረገች። የመጨረሻውን ዓምድ የሚሞሉት ራሳቸው አድማጮች ነበሩ፤ ከየከፍታው አንዳንድ ሰው ከስርጭት ውጪ እየደወለ ውሃው መምጣት አለመምጣቱን ይነግራል። ሰሌዳውም በየምሽቱ ከዜና ቀጥሎ መነበብ ጀመረ፤ የፕሮግራሙ ትልቁ ውጤት ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ውሃው በማይመጣበት ሌሊት ነቅቶ አለማደርም አንድ ጥቅም ነው።

ደብተሩ ያልተጠበቀ ነገርም አሳየ። ከሰዓቱ ጥሪዎች ብዙውን የሚይዙት ቋሚ ደዋዮች፣ አብዛኞቹም ወንዶች ነበሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃን በሚመለከት ዋናዎቹ ባለጉዳዮች፣ ማለትም ሴቶቹ፣ ቦኖ ላይ ወይም ገበያ ናቸው፤ የስልክ ሂሳብም አለ። ጣቢያው ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ «ሚስኮል አድርጉ፣ እኛ እንደውላለን» ብሎ ከሰዓት በኋላ እየደወለ ድምፃቸውን ቀርፆ ማስገባት። ቋሚ ደዋዮች በወር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይገቡ የወጣው ደንብ ግን ቅሬታ አስነሣ፣ እኔም ግማሽ በግማሽ ከእነሱ ጋር ነኝ። ቋሚ ደዋይ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ኃላፊ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ማይክሮፎን የገባውን ቃል ከነቀኑ የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው፣ ኃላፊዎች ይለዋወጣሉና። የዙሪያው ገጠር ደዋዮች ጉዳይ ከሁሉ ያነሰ ክትትል አግኝቷል፤ የኩታበርን የምንጭ ግንባታ ሄዶ የሚያይ መኪና ጣቢያው አልነበረውም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አድማጮች በቴሌግራም ይልኩት የነበረው የቆጣሪና የደረቀ ቧንቧ ፎቶግራፍ ቆመ። ፕሮግራሙ በድምፅ ጥሪ ብቻ ቀጠለ፤ ከመሥሪያ ቤቶች የሚመጣ እንግዳ ማግኘትም ከበፊቱ ከበደ። የምሽቱ የፈረቃ ሰሌዳ ግን አልተቋረጠም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በስልክ እየደወለ ያስነብበው ጀመር።

አዘጋጁ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ደብተሩ ለኦፕሬተሩ ተላልፏል። የውሃው ጉዳይ እዚያ ላይ ገና አልተዘጋም፦ ለላይኛው መስመር የተጠየቀው ተጨማሪ የግፊት ፓምፕ «በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ተይዟል» የሚል መልስ ከፊቱ ተጽፎለታል፣ የማረጋገጫው ዓምድ ባዶ ነው፣ ኦፕሬተሩም በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ለሥርጭት ክፍሉ ደውሎ ይጠይቃል።